ለቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ምስጋና፣ ቡናችሁን ወደ ኦርጋኒክ ለማዞር ለምታስቡም ጥቆማ

ቦንጋ ዙሪያና በጠቅላላው በከፋ ቡና ላላችሁ ወገኖቼ። የአባቴ የጓሮ ቡና ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦርጋኒክነት ተመዝግቦ ለማኅበራችን ገብቷል። እዚህ ያደረሰችን የቀበሌያችን የግብርና ልማት ሠራተኛ (ዲኤ) ናት። ስሟ እንዲጻፍ ስላልፈለገች አልጠቅሰውም። የቀበሌው ሰው ግን ያውቃታል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ብዙዎቻችን የከፋ ቡና ድሮም ኦርጋኒክ ነው እንላለን። አባቴም እንዲሁ ይሉ ነበር፤ ቡናቸው ላይ ማዳበሪያ አድርገው አያውቁምና። ይሁን እንጂ ከቡናው አጠገብ ያለው በቆሎ ዩሪያ ይደረግበታል፣ አረም ሲበዛም መድኃኒት ይረጫል፣ የተለቀመው ቡና ደግሞ የሚጓጓዘው በባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ነበር። እሷ ማሳውን ዞራ ካየች በኋላ መጀመሪያ የያዘችው ይህንን ነው። ከረጢቱ በጆንያ ተተካ። የጎረቤት ጫት በሚረጭበት ወገን ያሉት የቡና እግሮች ለብቻ ተለይተው ፍሬያቸው ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል ተደረገ። ጎረቤታችንንም ራሷ ሄዳ አነጋገረችው፤ ዛሬ ነፋስ ባለበት ሰዓት አይረጭም።

ለአውሮፓ ገበያ የቡና የሽግግር ጊዜ 3 ዓመት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ኬሚካል መተው ግዴታ ሲሆን ቡናው ግን በኦርጋኒክ ስም አይሸጥም። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። አባቴ «ልጄ፣ ለመሆኑ ስንት ይጨምሩልናል?» ሲሏት «ጋሼ፣ ዋጋውን የምወስነው እኔ አይደለሁም። እኔ የምችለው ምርትዎ እንዳይወርድ መርዳት ነው» ትላቸው ነበር። ይህን እውነት መናገሯ ነው አባቴን እስከ መጨረሻው ያቆያቸው ብዬ አምናለሁ።

የተናገረችውንም ፈጽማለች። ትሎቹን ከገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል በነፃ አምጥታ ቨርሚ ኮምፖስት፣ ማለትም በትል የሚዘጋጅ የተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ አስጀመረችን። ትኩስ እበት ትሎቹን ስለሚያቃጥል ቀድሞ እንዲበርድ፣ የቡና ገለባና የእንሰት ቅጠል ተከትፎ እንዲቀላቀል፣ በበጋ እርጥበቱ እንዳይጠፋ እያየች ትመላለስ ነበር። ጉንዳን እንዳይገባ የሣጥኑን እግሮች ውኃ በያዘ ጣሳ ውስጥ አቆመቻቸው። በቆሎው ያለ ዩሪያ የመጀመሪያውን ዓመት ቀንሶ ነበር፤ ኮምፖስቱ ሲደርስ ተመለሰ። በቡና ፍሬ በሽታ ክፉኛ በተጠቁት እግሮች ምትክ በሽታውን የሚቋቋሙትን የጅማ ምርምር ዝርያዎች፣ እነ 74110ን፣ አስተከለችን። ጤነኛውን የአባቶቻችንን ቡና ግን አንድም እግር አላስነቀለችም፤ ለዚህ በተለይ አመሰግናታለሁ።

አገራችን የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488ን ያወጣችው በ1998 ዓ.ም. ነው። እኛ ቤት የደረሰው ግን በእሷ በኩል ነው።

ለመጀመር ያሰባችሁ መጀመሪያ የቀበሌያችሁን ዲኤ ወደ ማሳችሁ ጋብዙ። የማሳችሁን ካርታ አብራችሁ ሥሩ፤ አዋሳኙ ላይ ማን ምን እንደሚረጭ ይጻፍበት። መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ያዙ፦ የተለቀመው ስንት ኪሎ ነው፣ መቼ ተሸጠ፣ ምን ተደረገበት። እኛ ቤት ታናሽ ወንድሜ ነው የሚጽፈው። ብቻችሁን ሳይሆን በማኅበር ግቡ፤ የኦርጋኒክ ማረጋገጫ ምርመራውን ክፍያ አንድ ገበሬ ለብቻው አይችለውም። የአውሮፓ ኅብረት አዲሱ ደንብ፣ 2018/848፣ በጋራ ማረጋገጫ የሚያገኝን የአንድ ገበሬ ቡድን አባላት በ2,000 ስለገደበ ማኅበራችሁ እንዴት እንደተደራጀ ሳትመዘገቡ በፊት ጠይቁ።

ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችም አንድ ልመና አለኝ። ይህች ባለሙያ ማዳበሪያ የማስመዝገቡም ሥራ በእሷ ላይ ነው፤ ቀበሌውንም የምታዳርሰው በእግሯ ነው። ሞተር ሳይክል ቢፈቀድላት፣ ዝውውርም ቢመጣ ሽግግሩን የጀመሩት ጎረቤቶቻችን 3 ዓመታቸውን እስኪጨርሱ ቢዘገይላት ውለታችሁን አንረሳም።