ልጄን በዶላር ክፈይ አሏት

ጅዳ ተወልዳ ጅዳ ያደገች ልጄን ዩኒቨርሲቲ ላስመዘግብ ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ሰነበትኩ። ሳዑዲ እዚያ መወለድ ብቻውን ዜጋ አያደርግም። ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ በኢቃማ (በመኖሪያ ፈቃድ) ነው የኖረችው፣ ፓስፖርቷ ግን የኢትዮጵያ ነው። እንደ ፈረንጆቹ ከ2017 ወዲህ ደግሞ በእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ላይ ወርሃዊ ክፍያ መጣ። በ100 ሪያል ጀምሮ 400 ገባ። ሦስት ልጅ ላለው ሰው አስሉት። አገሯ ትማር አልን።

በክረምት ልጅ ይዛችሁ ለምትመጡ፣ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ትርጉም ቤት ሄድን። ስሙን ትቼዋለሁ። ሰርተፊኬቷ በዐረብኛ ነው፣ ዐረብኛ ደግሞ «ፀ» የለውም። የአያቷን ስም ፀጋዬን ጅዳ ላይ እንደቻሉ ጽፈውታል። ተርጓሚው ፓስፖርቷን ሳያይ «ቴሲጋይ» ብሎ ወደ አማርኛ መለሰው፣ ማኅተሙንም መታበት። ፓስፖርቱ ላይ ያለችው ሌላ፣ ሰርተፊኬቱ ላይ ያለችው ሌላ ሆኑ። ለማስተካከል ሁለት ቀን ፈጀ፣ እንደገናም አስከፈለኝ። ፓስፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታችሁ ስሙን ፊደል በፊደል ሳታዩ ብር እንዳታወጡ።

ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሰነድ ማረጋገጫው ጋ ስገባ ሆዴ ቡጭ ቡጭ እያለ ነበር። የጅዳ ቆንስላችንን ማኅተም አዩና ጨረሱልኝ። ከጎኔ የነበረች እናት ያንን ማኅተም ሳታስመታ ነው የመጣችው። እንባዋን እየጠረገች ወጣች።

ከሁሉም ያስደሰተኝ በሩ ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ልጁ «ማዘር፣ የዘጠነኛ ክፍሉም ይፈለጋል፣ ይዘሽዋል?» አለኝ። አልያዝኩም። በዋትስአፕ ከጅዳ አስልኬ እዚያው አተመልኝ፤ ዋናው በሰው እጅ እስኪመጣ ፋይሉ እንዳይዘጋብኝ አዳነኝ። መስኮት ላይ የተቀመጡት ያልነገሩኝን እሱ ነገረኝ።

አንዱ ቢሮ ውስጥ ወጣቱ ሠራተኛ ሰርተፊኬቱን አገላብጦ «የተመረቀችው በ1445 ነው?» አለ። የሂጅራ ዓመት ነው፣ በእኛ 2016 ማለት ነው። አጠገቡ የነበሩ ትልቅ ሰው ቀና ሳይሉ «በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ነዋ!» አሉ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ግን ትርጉሙ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ የግል ኮሌጅ መዝጋቢዋ «ከውጭ ከመጣች ክፍያው በዶላር ነው» አለችኝ። ፓስፖርቷን ሰጠኋት። ገለጥ አድርጋ «ቢጫ ካርድስ የላትም?» አለች። ከየት ታመጣዋለች! ቢጫ ካርድ የሌላ አገር ዜግነት ለያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሚሰጥ ነው። የእህቴ ልጅ ዋሽንግተን ያደገ፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ነው፤ እሱ ይይዘዋል። በአዋጅ 270/1994 መሠረት ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ መምረጥ ግን አይችልም። የእኔ ልጅ መምረጥ ትችላለች። ዜጋ ናት። ይህንን ሳስረዳ ሰልፉ ከኋላዬ ረዘመ። መዝጋቢዋ በመጨረሻ «አለቃዬን ልጠይቅ» ብላ ገባች፣ የምሳ ሰዓት ደረሰ፣ አልወጣችም።

ሌላ ቦታ ሬጅስትራር የሆኑ እናት ግን በሁለት ደቂቃ ለዩልኝ። «ክፍያዋን ፓስፖርቷ ይናገራል። መግባት አለመግባቷን ሰርተፊኬቷ ይናገራል። አቻ ግምቱን ጨርሺና ነይ» አሉኝ። አቻ ግምት ማለት የውጭ ሰርተፊኬት ከአገራችን ጋር ሲነጻጸር ደረጃው ምን እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ነው። የዜግነቱ ጉዳይ አንድ ነው፣ የትምህርት ማስረጃው ጉዳይ ሌላ ነው። ብዙ መስኮት ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚያቦኩት።

ስድስት ኪሎም ሄደን ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ልጄ አማርኛ ትናገራለች እንጂ ስታነብ ትንተባተባለች፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ መሆኑን ስትሰማ ፊቷ በራ። አሁን አክስቷ ቤት ሆና እያጠናች ነው። የአቻ ግምቱን ወረቀት ደግሞ ያ የፎቶ ኮፒው ልጅ አምስት ቅጂ አድርጎ በፕላስቲክ አቀፈላት። «ማዘር፣ ዋናውን ለማንም እንዳትሰጪ» ብሎ።