ተች ስክሪን የኪስ ካሜራ፦ የትኛው ለማን ይሆናል?

ፒያሳም ይሁን ስታዲየም ዙሪያ አነስተኛ ካሜራ የሚፈልግ ሰው ዛሬ ሦስት ምርጫ አለው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ የተሠራ፣ ስስ፣ ከኋላው ስክሪን እንጂ ቁልፍ የሌለው ያገለገለ ካሜራ ነው፤ ካነን ኢክሰስ 210 ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሁለተኛው ባለ አንድ ኢንች ሴንሰር (ብርሃን ተቀብሎ ሥዕል የሚያደርገው ክፍል) የኪስ ካሜራ ነው፤ የካነን ጂ7ኤክስ ማርክ 2 እና ማርክ 3፣ የሶኒ ዜድቪ-1 እና አርኤክስ100 ማርክ 7 እዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። ሁሉም በጣት ስለሚሠሩ «ተች ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ አይለያቸውም። የሚለያቸው ስክሪኑን ማየትም መንካትም በማይመችበት ሰዓት ካሜራው በምን ይታዘዛል የሚለው ነው። ይህን ቀድሞ የጠየቀ ገዢ የምርጫውን ግማሽ ጨርሷል።

መጀመሪያ ተቹ በእርግጥ የሚጠቅምበትን እንይ። ትልቁ ጥቅሙ ሜኑ መክፈት ሳይሆን ፎከስ መምረጥ ነው። ቡና ሲፈላ ከፊት ረከቦቱ ላይ ሲኒዎቹ አሉ፣ ከኋላ ቡና የምታፈላዋ ተቀምጣለች እንበል። ካሜራው ለራሱ ከተተወ ብዙ ጊዜ ቅርብ ያለውንና ጠርዙ ጎልቶ የሚታየውን ሲኒ ይይዛል፤ የዕጣኑ ጢስ በመሃል ሲያልፍ ደግሞ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። ፊቷን በጣት ነካ ማድረግ ነገሩን ይጨርሰዋል። ቪዲዮ ላይም ፎከሱን ከሲኒው ወደ ፊቷ ማሻገር በቁልፍ ብዙ ጣጣ ያለው ሥራ ሲሆን በጣት አንድ ንክኪ ነው። ካሜራው ትራይፖድ ወይም ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ በስክሪኑ ማንሳት ቁልፉን ሲጫኑ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል።

ይህን ግን ሁሉም እኩል አይሰጡም። በካነኖቹ ጂ7ኤክስ ሜኑው፣ የተነሣውን ፎቶ በሁለት ጣት ማስፋቱ፣ ወደሚቀጥለው ማንሸራተቱ ሁሉ እንደ ስልክ ነው። በሁለቱ ሶኒዎች ተቹ የተሰጠው በዋናነት ለፎከስ፣ ለትራኪንግ (የሚንቀሳቀሰውን በፎከስ ለመከተል) እና ለማንሳት ነው። ሜኑው በጣት አይንቀሳቀስም፤ ከኋላ ባለችው ክብ ቁልፍ ነው የሚኬደው። ብዙ ገዢ ሱቅ ውስጥ ሜኑውን ነክቶ ዝም ሲለው ስክሪኑ የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም፣ አሠራሩ እንዲያ ነው። ፎከሱም አልታዘዝ ካለ ግን ሜኑ ውስጥ የተች አገልግሎቱ ተዘግቶ እንዳይሆን አይቶ ማብራት ነው።

ከስልክ ለመጣ ሰው ሌላው ግር የሚለው ብርሃን ነው። ስልክ ላይ ፊት ሲነኩ ፎከሱም ብርሃኑም አብረው ወደዚያ ይሄዳሉ። በእነዚህ ካሜራዎች የብርሃን መለኪያው ከፋብሪካ እንደመጣ ከተተወ ንክኪው በዋናነት የሚያዘው ፎከስን ነው። ነጭ ነጠላና ቀሚስ የለበሱ ሰዎች ፍሬሙን ሲሞሉት ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልማል፣ ፊት ይጠቁራል። መፍትሔው ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ካሜራው የመረጠውን ብርሃን የሚጨምረውን ወይም የሚቀንሰውን) ወደ +0.7 ወይም +1 ከፍ ማድረግ ነው። ካነኖቹ ለዚህ ከላይ ለብቻው የሚዞር ዳያል ስላላቸው ስክሪን ሳይነኩ፣ ሜኑ ሳይከፍቱ ይስተካከላል፤ ጥምቀትና ሠርግ ለሚያነሳ ሰው ይህ ትንሽ ክብ ብረት ከብዙ ሜጋፒክስል ይበልጣል። ጠንካራ ፀሐይ ላይ ግን +1 ነጩን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ፎቶውን አስፍቶ የጨርቁ ፈትል መታየቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ወደ ድክመቱ ስንመጣ፣ አንደኛው ጠላት ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ቀትር ላይ ብርሃኑ ከአናት ይወርዳል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ የቆመ ሰው ስክሪኑ ላይ የሚያየው ሊያነሳው ያሰበውን ሳይሆን የራሱን ፊት ነው። የስክሪኑን ብሩህነት እስከ ጫፍ መጨመር ይረዳል፤ ባትሪውን ግን ይበላል። ከአራቱ ባለ አንድ ኢንች ካሜራዎች ዓይን የሚጠጋበት መመልከቻ ያለው አርኤክስ100 ማርክ 7 ብቻ ነው፤ ከላይ ጥጉ ላይ ብቅ ይላል። ጂ7ኤክሶቹም ዜድቪ-1ም የላቸውም። በአብዛኛው ቀን ውጪ የሚያነሳ ሰው ይህን ልዩነት በቀላሉ እንዳያልፈው።

ሁለተኛው ውኃ ነው። ክረምት ላይ ጣት ሲረጥብ ንክኪው ይሳሳታል፤ አንዳንዴም የዝናብ ጠብታ ራሱ ስክሪኑን «ነክቶ» የፎከሱን ቦታ ይወስደዋል። አራቱም ካሜራዎች ዝናብ የሚከላከል ማሸጊያ የላቸውም፤ ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጃንጥላ ሥር ካልሆነ ባይወጡ ይሻላል። ካሜራው አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ከልብስ ጋር ሲነካካም ፎከሱ ወደ ጥግ ይሄድና ቀጣዩ ፎቶ ይደበዝዛል። ይህ ሲደጋገም ካሜራው ታሟል ከማለት በፊት የፎከስ ምልክቱ የት እንዳለ መመልከት ይበቃል።

እንደ ኢክሰስ 210 ባሉት አሮጌዎች ላይ ነገሩ ይከብዳል። 3.5 ኢንች የሆነው ሰፊ ስክሪን ለቁልፍ ቦታ ስላልተወ ከማንሻው፣ ከዙሙና ከጥቂት ሌሎች በስተቀር ሁሉም ነገር በጣት ነው። ፍላሽ ማጥፋት እንኳ ስክሪኑን ማየት ይጠይቃል። የዚያ ዘመን ብዙ ስክሪኖች እንደ ዛሬ ስልክ በንክኪ ሳይሆን በግፊት የሚሠሩ ናቸው፦ ጫን ካላሉ አይሰሙም፣ ወፍራም መስታወት ከተለጠፈባቸው ይደነቁራሉ፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ አንዱን ምልክት ሲጫኑ የጎኑ ይከፈታል። በአንዳንዶቹ ሜኑ ውስጥ ማስተካከያ አለ፤ የሚወጡትን ምልክቶች መሃላቸውን በሹል ነገር ሳይሆን በጥፍር ጫፍ መጫን ነው። ስክሪኑ ከሞተ ግን ካሜራው አብሮ ሞተ። ባለ ቁልፎቹ ካሜራዎች ተቻቸው ቢበላሽም ሥራ አያቆሙም።

ስለ ሥዕሉ ጥራት ሲነሳ ብዙ ሻጭ ሜጋፒክስል ይጠራል። ኢክሰስ 210 14.1፣ ጂ7ኤክስ ማርክ 2 ደግሞ 20.1 ሜጋፒክስል ስላላቸው ቅርብ ለቅርብ ይመስላሉ። ሴንሰራቸው ግን አይገናኝም፦ የትንንሾቹ ካሜራዎች ሴንሰር ወደ 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን አንድ ኢንች የሚባለው 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በስፋት አራት እጥፍ ገደማ። በዚያ ላይ ሌንሱ አለ። ኢክሰሱ ዙሙ ሲያልቅ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ኤፍ 5.9 ላይ ይወድቃል፤ ጂ7ኤክስ ዙሙ ሲያልቅም ኤፍ 2.8 ነው። ይህም ከአራት እጥፍ በላይ ብርሃን ነው። ደመራ ሲለኮስ ወይም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጧፍ ብርሃን ልዩነቱ ፊት የሚለይበትና የማይለይበት ሥዕል ነው። ለቀን የማስታወሻ ፎቶና ፍላሽ ለሚሰጠው መልክ ኢክሰስ ቢገዙ ምንም አይደለም፤ ለምሽት ግን አይግዙት።

አራቱ እርስ በርስ ሲተያዩ ጂ7ኤክስ ማርክ 2 ለፎቶ ከሁሉም የተመጣጠነ ነው። ከ24 እስከ 100 ሚሊ ሜትር (የዙሙ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሩቁ ይቀርባል)፣ ከኤፍ 1.8 እስከ 2.8፣ ብቅ የሚል ፍላሽ፣ ወደ ላይ ተገልብጦ ለሰልፊ የሚሆን ስክሪን አለው። 4ኬ ቪዲዮ የለውም፣ የማይክ መሰኪያም የለውም። ማርክ 3 ሁለቱንም ጨምሯል፤ ሌንሱ ያው ነው። ስለዚህ ቪዲዮ የማይቀርጽ ሰው ለማርክ 3 የሚጨምረው ገንዘብ ፎቶው ላይ ብዙ አያሳየውም። ዜድቪ-1 የቪዲዮ ሰው ዕቃ ነው፦ ስክሪኑ ወደ ጎን ይከፈታል፣ ማይክ ይሰካበታል፣ ፊት የሚከተለው ፎከሱ ከካነኖቹ ይልቅ አይዋልልም። ዙሙ ግን 70 ሚሊ ሜትር ላይ ያበቃል፣ ፍላሽም የለውም። 4ኬ ሲቀርጽ ይሞቃል፤ ሜኑ ውስጥ በሙቀት ምክንያት የሚጠፋበትን ልክ ከፍ ወዳለው ካላደረጉት ቃለ መጠይቅ መሃል ሊጠፋ ይችላል። አርኤክስ100 ማርክ 7 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ይስባል። ጃን ሜዳ ላይ ሕዝብ መሃል ሆኖ ታቦቱን የያዙትን ካህናት ለማግኘት የሚበቃው እሱ ብቻ ነው። ዋጋውን በሌላ መንገድ ይከፍላል፦ ሰፊው ጫፍ ላይ እንኳ ኤፍ 2.8 ስለሆነ ሲመሽ ከሌሎቹ ይደክማል።

ለቪዲዮ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ቀትር ፀሐይ ላይ በ1/50 ሹተር (ሴንሰሩ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ እዚህ የሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ) ሲቀርጹ አፐርቸሩ እስከ ኤፍ 11 ቢጠብ እንኳ ሥዕሉ ነጭ ይሆናል። ሁለቱ ካነኖችና ዜድቪ-1 ውስጣቸው ብርሃኑን ወደ አንድ ስምንተኛ የሚያወርድ ኤንዲ ፊልተር አላቸው፤ ማብራት ብቻ ነው። አርኤክስ100 ማርክ 7 የለውም፤ ሹተሩን ማፍጠን ይገደዳል፣ እንቅስቃሴውም ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

ያ 1/50 የሚባል ቁጥር ከየትም የመጣ አይደለም። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከጃፓን ወይም ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ ለ60 ኸርዝ ተስተካክሎ ስለሚመጣ ካፌ ወይም ቢሮ ውስጥ ሲቀርጹ ስክሪኑ ላይ የሚወርድ ጥላ ወይም ብልጭ ድርግም ይታያል። ብዙ ሰው ካሜራው የተበላሸ ይመስለዋል። ሜኑ ውስጥ ኤንቲኤስሲ የሚለውን (የ60 ኸርዝ አገሮችን የቪዲዮ ሥርዓት) ወደ ፓል (የ50 ኸርዙ) ቀይሮ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ማቆም በአብዛኛው ያጠፋዋል። ሶኒዎቹ ሲቀየሩ ሚሞሪው ፎርማት ይደረግ ሊሉ ስለሚችሉ የተቀረጸውን ቀድሞ መገልበጥ ነው። ስለ ጃፓን ከተነሳ፦ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ሶኒዎች ሜኑአቸው ጃፓንኛ ብቻ ነው። ገንዘብ ከመክፈል በፊት የቋንቋ ምርጫውን ከፍቶ እንግሊዝኛ መኖሩን ማየት የግድ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? አራቱም በአንድ ባትሪ ከ235 እስከ 265 ፎቶ ነው የሚገመትላቸው፤ ለሠርግ ቢያንስ ሦስት ባትሪ ያስፈልጋል። ዜድቪ-1 እና አርኤክስ100 ማርክ 7 በተራ ፓወር ባንክ ይሞላሉ። ጂ7ኤክስ ማርክ 3 ታይፕ ሲ ቢኖረውም ፒዲ የሚባለውን ዓይነት ቻርጀር ወይም ፓወር ባንክ ይፈልጋል፤ ተራውን ሲሰኩት ዝም ይላል።

ስልኩን አንናቀው። ቀን ላይ፣ ሰፊ ሥዕል ላይ፣ ወዲያው ቴሌግራም ላይ ለሚለጠፍ ነገር ከኪስ ካሜራ ጋር ይተካከላል፣ በፍጥነት ደግሞ ይበልጣል። ካሜራው የሚያሸንፈው ዙም ላይ፣ በእውነተኛ ፍላሽና ከ60 ሚሊ ሜትር በላይ በሚነሳ ፊት ላይ ነው። ጥሩ ካሜራ ገዝቶ ፎቶውን በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የሚልክ ሰው ግን ጥራቱን መንገድ ላይ ይጥለዋል፤ «ፋይል» ብሎ መላክ አለበት። ከካሜራው ወደ ስልክ ለማሳለፍ ከዋይፋዩ ይልቅ ታይፕ ሲ ካርድ ሪደር ይፈጥናል።

ያገለገለ ሲገዙ ሱቁ ውስጥ አሥር ደቂቃ ይጠይቁ። ካሜራውን ደጋግመው ያብሩና ያጥፉ፤ ሌንሱ ሲወጣ የሚንገጫገጭ ወይም የሚያመነታ ከሆነ አቧራ ገብቶበታል ወይም ወድቋል፣ ነገ «ሌንስ ኤረር» ብሎ ይቆማል። ዙሙን ከጫፍ ጫፍ ይውሰዱ። አፐርቸሩን ኤፍ 11 ላይ አድርገው ነጭ ግድግዳ ያንሱና ያስፉት፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚታይ ግራጫ ነጥብ ሴንሰሩ ላይ የተቀመጠ አቧራ ነው፣ የሌንሱን ፊት መጥረግ አያወጣውም። የፎከሱን ምልክት በጣት እየነኩ አራቱንም ጥግ ያዳርሱ፤ አንድ መስመር ላይ የማይሰማ ከሆነ የስክሪኑ ተች እየሞተ ነው። ስክሪኑን አንሥተውና አጥፈው ሥዕሉ ብልጭ የሚል ከሆነ የውስጡ ሪባን ገመድ ተጎድቷል። ባትሪውን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ከተሽከረከረ አብጧል።

ሚሞሪውንም አይርሱ። በ100 ሜጋቢት የሚቀረጽ 4ኬ በሰዓት 45 ጊጋባይት ስለሚወስድ 64 ጊጋ ካርድ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ይይዛል፤ ላዩ ላይ ዩ3 ወይም ቪ30 የሚል የፍጥነት ምልክት ይኑረው። አስመስለው የተሠሩ ካርዶች ካሜራው ላይ 64 ብለው እየታዩ ከተወሰነ መጠን በኋላ የተቀረጸውን ያበላሹታል፤ ስለዚህ ለሥራ ከመውጣትዎ በፊት ካርዱን በቪዲዮ እስከ ጫፍ ሞልተው የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ኮምፒውተር ላይ ይክፈቱ።