የዓይን ክሊኒክ፦ ቋሚው ቤት ወይስ ተንቀሳቃሹ መኪና?

አንዲት የዘጌ እናት ዓይናቸውን ሞራ ቢጋርደው ሁለት አማራጭ አለ። ወይ እሳቸው ባሕር ዳር ይመጣሉ፣ ወይ ክሊኒኩ በመኪና ተጭኖ ይሄድላቸዋል።

ለቁጥጥር ቋሚው ይቀላል። ግድግዳና አድራሻ አለው። ተቆጣጣሪው ሳይናገር ብቅ ብሎ የዕቃ ማምከኛውን፣ የባለሙያውን የሙያ ፈቃድ፣ የመድኃኒቱን ማብቂያ ቀን ያያል። ታካሚም ቅር ካለው በማግስቱ በሩን ያንኳኳል።

መኪናው ግን ዛሬ ዘጌ፣ ነገ ደልጊ ነው። ፈቃዱ ላይ የቱ አድራሻ ይጻፍ? እኔን ቢጠይቁኝ፣ ከአንድ ቋሚ ጤና ተቋም ጋር ካልታሰረ ፈቃድ ባያገኝ እመርጣለሁ። ዓይን በተነካ ማግስት መታየት አለበት። ቡድኑ ጠቅልሎ ከሄደ፣ ቁስሉ ቢያመረቅዝ ማን ይጠየቃል?

ታዲያ ተንቀሳቃሹ ይቅር? ኧረ በፍጹም! እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው፤ በቀዶ ሕክምና የሚድን ነገር! ብዙው ሰው ደግሞ ያለው ገጠር ነው።

ስለዚህ ሥራውን እከፍለዋለሁ። ምርመራ፣ መነጽር፣ በትራኮማ የተነሳ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍትን ማስተካከል ለመኪናው ይሁን። የሽፋሽፍቱን ሥራ የሠለጠነ ነርስም ይሠራዋል፣ የሚደነዝዘውም የዓይን ቆቡ ብቻ ነው። የሞራ ቀዶ ሕክምና ለቋሚው ይቆይ።

ተንቀሳቃሹ ክሊኒክ በጀልባ ይሁን ለሚሉ ደግሞ፦ ጣና ከሰዓት በኋላ ሲነፍስበት አይታችሁታል? የቀዶ ሕክምናውን ማይክሮስኮፕ ማን ይይዘዋል?