ዲስክ ካስገባችሁ በኋላ ፍሬኑ በፓምፕ ብቻ ነው የሚይዘው? የቱን አየር ማስወጫ ልግዛ ለምትሉ

የምኖረው ሱሉልታ ነው። መኪናዬ የእ.ኤ.አ. 1973 ላንድክሩዘር ናት፣ የአራቱም ጎማ ፍሬን ታምቡር የነበረች። ከዚህ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው የፊቱን ለምን ወደ ዲስክ አስቀየርሽ ብሎ አይጠይቀኝም። ታምቡር ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይሸሻል፣ ያኔ እግርሽ ወለል ይነካል።

ችግሩ የመጣው ከተቀየረ በኋላ ነው። ፔዳሉ ይሰምጣል፣ ሁለት ሦስቴ ፓምፕ ሲደረግ፣ ማለትም ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ ብቻ ይይዛል። «አየር አለው» ተባልኩ፣ የፍሬን ዘይቱ መስመር ውስጥ ማለት ነው። እኔም አየር የማስወጫ መንገዶቹን ሁሉ ሞከርኩ፣ አንዱን ዕቃ ገዝቼ፣ አንዱን ተውሼ።

በነጻው ልጀምር። አንድ ሰው ይረግጣል፣ ሌላው ከሥር ጎማው ጋ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን ይከፍታል፣ ፔዳሉ ከመለቀቁ በፊት መልሶ ይዘጋል። የሚያስፈልገው የጉሉኮስ ላስቲክና ትንሽ የፍሬን ዘይት ያለበት ሃይላንድ ነው፤ የላስቲኩ ጫፍ ዘይቱ ውስጥ ይጥለቅ። ከማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ከሚገፋው ዕቃ) ከሚርቀው ጎማ ትጀምራላችሁ፣ መሪው ግራ ለሆነ መኪና የኋላ ቀኝ ማለት ነው። ለአሮጌ መኪና ግን አንድ አደጋ አለው። ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ስትረግጡት የማስተሩ ጎሚኒ ለዓመታት ደርሶበት ወደማያውቅ ዝገት የያዘ ቦታ ይሄድና ይቆረጣል፣ ስለዚህ ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት አድርጉ።

የእጅ ቫኩም ፓምፕ ለብቻው ለሚሠራ ሰው ምቹ ነው፣ የገዛሁትም እሱን ነው። እውነት ለመናገር ብዙም አልወደድኩትም። በብሎኑ ጥርስ በኩል ከውጭ አየር ስለሚስብ ላስቲኩ ውስጥ አረፋው አያልቅም፣ እናንተ ግን ከፍሬኑ የሚወጣ ይመስላችኋል። ጥርሱ ላይ ግራሶ መቀባት ይረዳል። ሌላው የኛ አገር ጉዳይ ነው፦ ቫኩም ጉልበቱ ከአካባቢው የአየር ግፊት አያልፍም፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ግፊቷ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል፣ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። ጌጁ ማንዋሉ የሚለው ቁጥር ላይ አልደርስ ሲላችሁ ፓምፑ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትመልሱት።

የግፊቱ ዓይነት ከላይ፣ ከዘይት መያዣው በኩል ይገፋል። ለኔ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። ከፍታ አያግደውም፣ ረጋጭ አይፈልግም፣ ከ10 እስከ 15 ፒኤስአይ ይበቃዋል። ጣጣው ክዳኑ ነው። ከዕቃው ጋር የሚመጡት ክዳኖች የድሮ መኪና ማስተር ላይ ላይገጥሙ ይችላሉ፣ በደንብ ካልያዘ ደግሞ ዘይቱ ይረጫል፣ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ከመክፈላችሁ በፊት የመያዣችሁን ክዳን ፈታችሁ ይዛችሁ ሂዱና ለኩት።

አሁን ዋናው ነገር። ይሄን ሁሉ ሞክሬ ፔዳሉ ያው ነበር። አንድ ቀን ጎማ ላስለጥፍ ሄጄ ቸርኬው ሲወጣ የጎሚስታው ልጅ አጎንብሶ አየና «እትዬ፣ ይሄ ግራና ቀኙ ተቀያይሯል እንዴ?» አለኝ። «እንዴት አወቅህ?» «የአየር ማስወጫው ወደ ታች ነው።» አየር ወደ ላይ ነው የሚሸሸው፣ ብሎኑ ታች ከሆነ ዓመት ሙሉ ብትረግጡ ላይ የተቀመጠው አይወጣም። የገጠመው ጋራዥ ሁለቱን ካሊፐር፣ ዲስኩን የሚጨብጡትን ማለት ነው፣ አቀያይሮት ኖሯል። ግራውን ወደ ግራ፣ ቀኙን ወደ ቀኝ መልሰን፣ በእግርና በጉሉኮስ ላስቲክ በግማሽ ሰዓት ጨረስን። ቫኩም ፓምፑ አሁንም መደርደሪያ ላይ አለ።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ፔዳሉን ጠይቁት። ፓምፕ ሲደረግ ከፍ እያለ ከጠነከረ ወይ አየር ነው፣ ወይ የኋላው ታምቡር ሸራ ርቋል፤ ሸራውን ማስጠጋት ገንዘብ አይፈልግም፣ መጀመሪያ እሱን አስደርጉ። ረግጣችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ ከወረደና የሚፈስ ነገር ከሌለ ማስተሩ ውስጥ ውስጡን ያሳልፋል፣ ያኔ ገንዘቡ ለማስተር እንጂ ለአየር ማስወጫ አይውልም። ዲስኩ ሳይረገጥ የሚይዝና የሚግል ከሆነ የታምቡር ማስተር ውስጥ ያለው ግፊት ያዥ ቫልቭ አልወጣም ማለት ነው። ለታምቡር 10 ፒኤስአይ ገደማ ይይዛል፣ ለዲስክ ብዙ ነው። በክሪክ አንስታችሁ፣ ረግጣችሁ ልቀቁና ጎማውን በእጅ አሽከርክሩት።

ማስተር መግዛት ግድ ከሆነ ሶማሌ ተራ ስትገቡ «ለላንድክሩዘር» ብቻ አትበሉ፣ የፊት ዲስክ ላለው በሉ። የካሊፐር ፒስተን ከታምቡሩ ሲሊንደር የበለጠ ዘይት ይፈልጋል። የውስጥ ስፋቱ ትንሽ ከሆነ ፔዳሉ ረጅም ይሄዳል፣ ትልቅ ከሆነ አጭር ሆኖ እግር ያደክማል። አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ አየሩን አስወጡለት።

ዘይቱ ዶት 4 ይሁን፣ አዲሱ ከ230 ዲግሪ በፊት አይፈላም፣ ዶት 3 ግን 205 ላይ ነው መነሻው። ዶት 5 የሚል ሌላ ነገር ነው፣ ሲሊኮን ነው፣ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። ትንሽ፣ ያልተከፈተ ጣሳ ግዙ። ተከፍቶ የቆየ ዘይት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፣ በቅናሽ ቢሰጧችሁም እለፉት።