ከስልክ ወደ ልጅ እጅ፦ በነጻ የሚወርዱ የአማርኛ ተረት መጻሕፍት ሲመዘኑ

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከየካ አባዶ ተነስቶ ለአንዲት ቀጭን የተረት መጽሐፍ ለገሃር ወይም 4 ኪሎ ድረስ መሄድ ግማሽ ቀን ይበላል። ኮንዶሚኒየሙ ሥር ያሉት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች በአብዛኛው የሚይዙት ደብተር፣ የፊደል ገበታና አጋዥ መጽሐፍ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ግን አይጠፋም። ለዳር ሰፈር ልጅ አዳዲስ ተረት ለማድረስ የምንመክረውም በዚሁ በፎቶ ኮፒ ቤት በኩል ነው፤ ምንጮቹ የደቡብ አፍሪካው አፍሪካን ስቶሪቡክ እና የሕንዱ ስቶሪዊቨር የተባሉት ድረ ገጾች ናቸው። ሁለቱም ባለ ሥዕል የልጆች መጻሕፍት በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በነጻ ያቀርባሉ። ቤት ውስጥ ሁለቱም ቋንቋ የሚነገር ከሆነ አንዱን ተረት በሁለቱም ቋንቋ አትሞ ጎን ለጎን ማስነበብ ይቻላል።

ማውረድና ማባዛት የተፈቀደ ነው። የደራሲው፣ የሠዓሊውና የተርጓሚው ስም ያለበት ገጽ ግን አብሮ መታተም አለበት። ወረቀት ለመቆጠብ ያንን ገጽ መተው የፈቃዱን ሁኔታ መጣስ ነው፤ ለደከሙት ሰዎችም ነውር ነው። አንዳንዶቹ ፈቃዶች መሸጥን ስለሚከለክሉ ለንግድ ከመታሰቡ በፊት ፈቃዱ ይነበብ።

ትልቁ ጉድለት የንባብ ደረጃው ላይ ነው። አፍሪካን ስቶሪቡክ አምስት ደረጃ አለው፤ ከነጠላ ቃላት ተነስቶ አዋቂ ለልጅ እስከሚያነበው ይደርሳል። ስቶሪዊቨር አራት ነው፤ ደረጃ 1 ከ250 ቃል በታች፣ ደረጃ 4 ከ1500 በላይ። ቃል መቁጠር ግን ለአማርኛ አይሠራም። እንግሊዝኛው በስድስት ቃል የሚለውን እኛ «አልመጣችላቸውም» ብለን በአንድ ቃል እንጨርሰዋለን፤ ቃሉ ግን ዘጠኝ ፊደል ነው። ፊደል ለቆጠረ የአንደኛ ክፍል ልጅ ይህ ዳገት ነው። ስለዚህ ደረጃውን ትታችሁ ሦስት ገጽ ግለጡና የቃላቱን ፊደል ቁጠሩ። አብዛኛው ቃል ከአራት ፊደል ካልበለጠ ልጁ ራሱ ያነበዋል። ከዚያ ከረዘመ እናንተ አንብቡለት።

የትርጉሙ ጥራት ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል። መጥፎውን ለመለየት ጮክ ብሎ አንድ ገጽ ማንበብ ይበቃል። «ደስ አላት» መባል ሲገባው «ደስተኛ ነበረች» የሚል፣ ወይም አያትን «መጡ» በማለት ፈንታ «መጣች» የሚል ከሆነ ተርጓሚው እንግሊዝኛውን እያየ እንጂ አማርኛውን እየሰማ አልሠራም። አያትን አንቱ የሚል ልጅ እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ግራ ይጋባል። ጥፋቱ አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ከሆነ የታተመው ላይ በእስክሪብቶ ይታረም፤ በየገጹ ከሆነ ሌላ ተረት ይመረጥ።

መጥበቅና መላላትም አለ። «ይመታል» ሲላላ ልጁ ይማታል፣ ሲጠብቅ ይደበደባል፤ «ገና» ደግሞ በዓልም ጊዜም ነው። ጀማሪ አንባቢ ከዐውዱ አይገምትም። አንዳንድ መዝገበ ቃላት ላይ እንደሚደረገው ከሚጠብቀው ፊደል በላይ በእርሳስ ሁለት ነጥብ ማድረግ ትልቅ እገዛ ነው።

ከ12 ዓመት በላይ ላሉት ከሁለቱም ድረ ገጾች ብዙ አይጠበቅ። ለእነሱ 4 ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት መንገዱ ቢርቅም ያዋጣል።

ወደ ማተሙ እንምጣ። ፋይሉ ፒዲኤፍ ይሁን። በቴሌግራም ሲላክ በፋይል መልክ እንጂ በፎቶ አይላክ፤ ፎቶ ሲሆን ስለሚጨመቅ ፊደሉ ይደበዝዛል። ፍላሽ ደግሞ ቫይረስ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ማተሚያው ላይ «ቡክሌት» የሚለው ይመረጥ፤ አራት ኤፎር ወረቀት በሁለቱም ፊት ሲታተምና መሐል ላይ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይሆናል። የውጨኛው ወረቀት በአንድ ፊቱ ገጽ 16ንና 1ን፣ በሌላው 2ንና 15ን መያዝ አለበት። የተለመደው ስህተት ወረቀቱ ተገልብጦ ገብቶ ጀርባው ቁልቁል መታተሙ ነው፤ መጀመሪያ አንድ ወረቀት ብቻ አሳትማችሁ እዩ። ከሌዘር ማተሚያ የወጣው እርጥብ እጅ ቢነካውም ቀለሙ አይለቅም፤ የኢንክጄቱ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ባለ ቀለም ኅትመት ስለሚወደድ ሽፋኑን ብቻ በቀለም፣ ውስጡን በጥቁርና ነጭ ማሳተም ይቻላል። ተረቱ «ቀዩ ኳስ የቱ ነው?» እያለ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ያለ ቀለም ትርጉም የለውም።

የቢሮ ስቴፕለር ክንዱ አጭር ስለሆነ ከወረቀቱ ጠርዝ እስከ እጥፋቱ ያለው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ አይደርስም። መስፋት ይሻላል። እጥፋቱ ላይ በወስፌ ሦስት ቀዳዳ ይበሳ፤ አንዱ መሐል፣ ሁለቱ ከላይና ከታች ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ። ግማሽ ሜትር ወፍራም የጥጥ ክር ተወስዶ፣ መርፌው ከውስጥ በመሐሉ ይውጣ፣ በላይኛው ይግባ፣ መሐሉን ዘልሎ በታችኛው ይውጣ፣ ተመልሶ በመሐሉ ይግባ። ሁለቱ የክር ጫፎች ረጅሙን ክር መሐል አድርገው ይቋጠሩ። ከስድስት ወረቀት በላይ ከሆነ የውስጦቹ ገጾች ወደ ውጭ ይሾላሉ፤ ጠርዙ በማስመሪያና በምላጭ ይስተካከል።