ለድሮ ባሊ ፒንቦል ጉምጉምታ፦ ባለ 15,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የተሠሩ የባሊ ኩባንያ ፒንቦሎች (ኳስ የሚመታባቸው የጨዋታ ማሽኖች) ስፒከር ማጉረምረም ሲጀምር ቀድሞ የሚጠረጠረው በሶሌኖይድ ሰሌዳው (የማሽኑን መምቻ ማግኔቶች በሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ላይ ያለው ሲ23 የተባለው ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ዕቃ ነው። የፋብሪካው 11,700 ማይክሮፋራድ፣ 20 ቮልት ነበር፤ በዕድሜ ብዛት ይደርቅና ኤሲው (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) ወደ ዲሲ (ቀጥተኛ) ሲለወጥ የሚቀረውን የ120 ኸርዝ ሞገድ ማለስለስ ያቅተዋል። ምትኩ ባለ 15,000፣ 25 ቮልት ነው፤ ለዚህ ሥራ ከልብ የምንመክረው ዕቃ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ማሽኑ በርቶ ሳለ ቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ኤሲ ላይ አድርጋችሁ፣ ሰሌዳውን በእጅ ሳትነኩ፣ በካፓሲተሩ ሁለት እግሮች ላይ ለኩ። ወደ 1 ቮልት ከተጠጋ ቀይሩት። ርካሽ ቴስተር ዲሲውንም ደርቦ ስለሚቆጥር በእሱ አትፍረዱ። ስፒከሩ ተነቅሎም ድምፁ ካልጠፋ ጥፋቱ የትራንስፎርመሩ ነው፤ ብሎኖቹን አጥብቁ፣ ገንዘባችሁን አታውጡ።

በዚያው ሰሌዳ ላይ ለቁጥር ማሳያዎቹ የሚሄድ 190 ቮልት ገደማ አለ። ካፓሲተሩን ለመቀየር ስትነሱ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ቮልቴጁ መውረዱን ለክታችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ ብቻ ንኩ። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተገለበጠ ካፓሲተሩ ሊፈነዳ ይችላል።

አንድ ጉድለት አለው፦ አዲሱ ወፍራምና አጭር እግር ስለሆነ በፕላስቲክ ማሰሪያ ወይም በሲሊኮን ካልተያዘ የማሽኑ ንዝረት ብየዳውን ይሰነጥቀዋል፤ ጉምጉምታውም ይመለሳል።