ስለ አፋር ምድር የሚሰጡት ሕዝባዊ ንግግሮች፦ የትኛው ሊደመጥ ይገባል?

የአፋርን በረሃ ታሪክና ባህል ለማስተዋወቅ በነፃ የሚቀርቡት ተከታታይ ንግግሮች ለማንኛውም አድማጭ ክፍት መሆናቸው ያስመሰግናቸዋል። ይሁን እንጂ በጥራት እኩል ስላልሆኑ፣ ጊዜውን ሰጥቶ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ቢመርጥ ይጠቀማል።

ከሁሉም የላቀው ስለ ጨው የተሰጠው ነው። ተናጋሪው የጀመሩት ከባሕር ነው፤ ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ወደ ዳናኪል ዝቅተኛ ስፍራ እየገባ፣ ኋላም እየተቆረጠና እየተነነ፣ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው የጨው ክምችት ትቶ እንደቀረ በግልጽ ካርታ አሳዩ። ከዚያም ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው ሜዳ ላይ ጨዉን በመጥረቢያ የሚሰነጥቁት፣ በእንጨት ፈንቅለው የሚያነሡትና በልክ የሚጠርቡት ሠራተኞች ሥራውን እንዴት እንደሚከፋፈሉ፣ ግመሎቹም ተጭነው ወደ በራህሌ ከተማ እንዴት እንደሚወጡ በዝርዝር ተረኩ። በዳሎል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተደረገ ልኬት ዓመታዊው አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንደነበር የጠቀሱት ለማስደነቅ ሳይሆን፣ ሥራው ለምን በማለዳ እንደሚጀመር ለማስረዳት ነው። አሞሌ፣ ማለትም ተጠርቦ የተዘጋጀው የጨው ቁራጭ፣ እንደ ገንዘብ ያገለገለበትን ዘመን ሲያነሡም፣ ከጨው ሜዳው እየራቁ በሄዱ ቁጥር ዋጋው ስለሚንር፣ ለአንድ ማርያ ቴሬዛ ብር የሚመነዘረው የአሞሌ ብዛት በሰሜን ገበያዎች ብዙ፣ በሩቆቹ ደግሞ ጥቂት እንደነበር አስረድተዋል። የበረሃው ሰው ከደጋው ኢኮኖሚ ውጭ ኖሮ እንደማያውቅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማቅረብ የሚቻል አይመስለኝም።

የአፋሮች ባህላዊ የዜና ልውውጥ ስለሆነው ዳጉ የተሰጠው ንግግርም ከዚህ ብዙ አያንስም። አንድ የአፋር ሽማግሌ በአስተርጓሚ በኩል እንዳብራሩት፣ መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዝናብ የት እንደጣለ፣ ሣር የት እንደበቀለ፣ የማን ከብት እንደጠፋና በመንገዱ ላይ ምን እንደታየ ይጠያየቃሉ። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሌላ ሰው ከሰማው ለይቶ የመናገር ግዴታ አለበት፤ ሆን ብሎ ሐሰት ያሰራጨ ሰው በባህላዊው ሕግ ይጠየቃል። (ከአድማጮቹ መካከል ጋዜጠኞች በብዛት ቢገኙ ባልከፋ ነበር።) ከብቱን ይዞ ግጦሽ ፍለጋ ለሚንቀሳቀስ ሕዝብ የዜናው እውነተኛነት የሕልውና ጉዳይ መሆኑን ሽማግሌው በምሳሌ ስላሳዩ፣ አዳራሹ እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳምጧቸዋል።

በታችኛው አዋሽ ስለነበረው የአፋር ሱልጣኔት፣ ስለ አውሳ፣ የቀረበው ንግግር ግን ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ነው። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚያበቃ ወንዝ መሆኑን፣ እ.ኤ.አ. በ1875 በግብፅ አገልግሎት የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገር የመራው ጦር በአውሳ መደምሰሱንም ተናጋሪው በሚገባ ተነተኑ። ሆኖም በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዋሽ ዳር የተስፋፉት የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች የአርብቶ አደሩን የበጋ ግጦሽ እንዴት እንደወሰዱበት በጥቂት ደቂቃ አለፉት፤ የአውሳው ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ በ1967 ዓ.ም. መሰደዳቸውና በ1983 ዓ.ም. መመለሳቸውም ያለ ማብራሪያ ተጠቅሶ ቀረ። ዛሬም የሚያከራክረውን የመሬት ጉዳይ መሸሽ ለአድማጭ አይበጅም።

ስለ ቅሪተ አካላት የተሰጠውን ለጉዳዩ አዲስ ለሆነ ሰው ካልሆነ በቀር አልመክርም። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ሉሲ፣ የአራሚስዋ የ4.4 ሚሊዮን ዓመት አርዲ፣ የጎና የ2.6 ሚሊዮን ዓመት የድንጋይ መሣሪያዎች ሁሉም በትክክል ተጠቅሰዋል። ቅሬታዬ ንግግሩ ከዚያ ዘሎ ወደ ኤርታሌ የቱሪስት ፎቶግራፎች መሻገሩ ነው፤ በመካከል በምድሩ ላይ የኖረው ሕዝብ ከግመሉ ጋር የሥዕል ማድመቂያ ከመሆን አላለፈም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሰነጠቅ ነዋሪው ምን እንዳየ የሚናገር እማኝ ቢጋበዝ ኖሮ፣ ሳይንሱም ባህሉም በአንድ ላይ በቀረቡ ነበር።

አዘጋጆቹ ሰዓት ያከብራሉ፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው፤ የጥያቄው ጊዜ ግን ዘወትር ያጥራል። በተለይ ንግግሩ በአስተርጓሚ ሲሆን ጊዜው ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ፣ በዚያ ቀን ሌላ ተናጋሪ ባይደረብ ይመረጣል። የጨዉ ንግግር እንደሚደገም ተነግሯል፤ የካርታዎቹ ጽሑፍ ከኋላ ረድፍ ስለማይነበብ ቀደም ብሎ ደርሶ ከፊት መቀመጥ ያሻል።